በክረምት ፕራግን፣ ቪየናንና ቡዳፔስትን ከጓደኛ ጋር መጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጓደኛዬ ጋር ሦስቱን የቼክ፣ የኦስትሪያና የሃንጋሪ ዋና ከተሞች በባቡር ዞረን ከተመለስን ወዲህ ወዳጅ ዘመድ ደጋግሞ የጠየቀንን ከነመልሱ እነሆ።

የአውሮፓ ክረምት መቼ ነው? እንደኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው?

አይደለም። እኛ ክረምት ስንል ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው የሚመጡልን። የእነሱ ክረምት የሚገባው እኛ በጋ ላይ ስንሆን ነው፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት። ዝናብ አልፎ አልፎ ይኖራል፤ ዋናው ግን ብርዱ ነው። በዲሴምበርና በጃንዋሪ የእነዚህ ከተሞች ሙቀት ብዙውን ጊዜ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይውላል። ሲብስበት ሌሊቱን ከዜሮ በታች 10 ድረስ ይወርዳል።

በረዶውም ሌላ ነው። እኛ በረዶ የምንለው ቆርቆሮ የሚደበድበውን ጠጠር ነው። የእነሱ እንደተነደፈ ጥጥ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ያየነው ቀን እኔና ጓደኛዬ መንገድ መሃል ቆመን ቀረን። ግን ከተማ ውስጥ ሳይጥል ሳምንት ሊያልፍ ስለሚችል፣ ጉዟችሁን በሙሉ በረዶ ላይ ብቻ አታንጠልጥሉት።

ስንት ቀን ይበቃል? በአንድ ጉዞ አምስት ስድስት ከተማ ብናይስ?

ለሦስቱ ከተሞች 10 ቀን ደህና ነው። ሦስት ቀን ፕራግ፣ አራት ቀን ቪየና፣ ሦስት ቀን ቡዳፔስት። በእነሱ በጋ ቢሆን አንድ ከተማ መጨመር ይቻል ነበር፤ በክረምት ግን አልመክርም። ከተማ በቀየራችሁ ቁጥር ሻንጣ ማሰር፣ ጣቢያ መሄድ፣ አዲሱን ማረፊያ መፈለግ አለ። ያ ሁሉ የሚበላው ብርሃን ያለበትን ሰዓት ነው፣ ብርሃኑ ደግሞ ጥቂት ነው።

ቀኑ በእርግጥ ያን ያህል ያጥራል?

አዎ፤ ከብርዱ ይልቅ የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ቪየና ላይ ፀሐይ የምትወጣው በኛ አቆጣጠር ለ2 ሰዓት ሩብ ጉዳይ አካባቢ ነው። የምትጠልቀው ደግሞ 10 ሰዓት እንዳለፈ ወዲያው ነው። ስምንት ሰዓት ከምናምን ማለት ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ብርሃን ለምደን ስላደግን ሰውነታችን ግራ ይጋባል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላችኋል።

ስለዚህ ውጭ የሚታየውን ጠዋት እዩት፤ ቤት ውስጥ የሚታየውን ለማምሻው ተዉት። እኛ የመጀመሪያውን ቀን ፕራግ ላይ ረፈድ አድርገን ተነሣን፣ ቁርሳችንን ተዝናንተን በላን። የፕራግ ግንብ ጋ ስንደርስ ብርሃኑ እየሄደ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ገና ሳይነጋ ተነሥተን ጎህ ሲቀድ ውጭ ነበርን። በዚያ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1357 መሠረቱ የተጣለው የቻርልስ ድልድይ ላይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቀትር ላይ ግን በጭንቅ ነው የሚታለፈው።

የሰዓት አቆጣጠሩ አያምታታም?

ያምታታል፤ በተለይ ሁለት ሐበሻ አብረው ሲሄዱ። አንድ ማታ "ነገ 8 ሰዓት ታች እንገናኝ" ተባብለን ተኛን። እኔ የፈረንጁን 8 መስሎኝ በጠዋት ወርጄ ብርድ ላይ ቆሜያለሁ። እሷ የኛ 8 ሰዓት መስሏት፣ ማለትም ከቀትር በኋላ፣ ተኝታለች። በማግስቱ በስልኩ ሰዓት ብቻ ለመነጋገር ተስማማን። ትኬቱ ላይ 13፡10 የሚለው በኛ 7 ሰዓት ከ10 ነው፤ እሱን በልብ መቀየር ትችላላችሁ። ቀጠሮ ስትይዙ ግን 13፡10 ብላችሁ ጥሩት።

ምን ልልበስ? ወፍራም ካፖርት አይበቃም?

ካፖርት ብቻውን አይበቃም። ደራርቡ። ከውስጥ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ተርማል የሚባል የውስጥ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስና እርጥበት የማያስገባ ጃኬት። ሙዚየምና ካፌ ውስጥ ማሞቂያው ከፍ ያለ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ የሚወልቅ ልብስ ይሻላል። አንድ በጣም ወፍራም ነገር ከለበሳችሁ ውጭ ትበርዳላችሁ፣ ውስጥ ታልባላችሁ፣ ላቡ ደግሞ ስትወጡ መልሶ ያንቀጠቅጣችኋል።

ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ ጫማ ላይ ነው። ብርዱ የሚገባው ከእግር ነው። ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ ውሃ የማያስገባ፣ በወፍራም ካልሲ የማይጠብ ይሁን። የፕራግ አሮጌ መንገዶች በድንጋይ የተነጠፉ ናቸው፤ ውርጭ ሲመታቸው እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። ቆብ፣ ጓንት፣ የአንገት ልብስና ቫዝሊን አትርሱ። የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ከውስጥ ኪስ ያዙት። እኔ ጋቢ ይዤ ሄጄ ነበር። ባቡር ላይም ማረፊያችንም ውስጥ እሱን ያህል የጠቀመኝ ነገር የለም።

ከከተማ ወደ ከተማ በምን እንሂድ?

በባቡር። ከፕራግ ቪየና አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ከቪየና ቡዳፔስት ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጣቢያዎቹ ከተማው ውስጥ ናቸው፤ እንደ አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት የለም። ትኬት ቀደም ብሎ ሲገዛ ይረክሳል። አብራችሁ ለመቀመጥ ግን ወንበር አስይዙ፤ ትኬት ብቻውን ወንበር አይሰጣችሁም።

ስሞቹን ልብ በሉ። ቼኮች ፕራግን "ፕራሃ" ይሏታል። ቪየና ለኦስትሪያውያን "ቪን"፣ ለቼኮች "ቪዴን"፣ ለሃንጋሪዎች ደግሞ "ቤች" ነች። ሰው ስትጠይቁም ሆነ ሰሌዳ ስታነቡ ይሄ ይረዳችኋል። ከተማ ውስጥ ደግሞ የሜትሮና የትራም ትኬት ገዝቶ መግባት ብቻ አይበቃም። ፕራግና ቡዳፔስት ላይ የወረቀቱን ትኬት ማሽኑ ላይ ማስመታት አለባችሁ። ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል፣ ቅጣቱም የዋዛ አይደለም።

ዩሮ ብቻ ብይዝስ?

ቪየና ላይ ይበቃል። ቼክ የራሷ ኮሩና፣ ሃንጋሪ የራሷ ፎሪንት አላት። አንዳንድ ሱቅ ዩሮ ይቀበላል፤ ሂሳቡ ግን ለእናንተ አያደላም። ኤቲኤም ስትጠቀሙ ማሽኑ "በካርድዎ ገንዘብ ላስላልዎ?" ብሎ ይጠይቃል። እምቢ በሉና በአገሩ ገንዘብ ምረጡ።

የፕራግ መንዛሪዎች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "ኮሚሽን የለም" የሚል ትልቅ ጽሑፍ አይተን ገባን፤ ምንዛሪው በጣም ዝቅተኛ መሆኑን ያወቅነው ከወጣን በኋላ ነው። ያኔ ያላወቅነው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በቼክ ሕግ እስከ 1,000 ዩሮ የሚደርስ ምንዛሪን በሦስት ሰዓት ውስጥ ደረሰኙን ይዞ ተመልሶ ማሰረዝ ይቻላል። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ።

ጊዜ ከሌለን ምኑ አያምልጠን?

ከፕራግ ሰዓቱ። በ1410 የተሠራው የአሮጌው ከተማ አደባባይ ሰዓት ማለቴ ነው። ሰው ሁሉ በየሰዓቱ የሚወጡትን የሐዋርያት ምስሎች ለማየት ስልኩን ይወድራል፤ ምስሎቹ በአንድ ደቂቃ ያበቃሉ፣ ሰውም ይበተናል። እናንተ ግን አትሂዱ። ቆማችሁ የሰዓቱን ፊት አንብቡት። የውጪው ቀለበት ሰዓትን የሚቆጥረው ከፀሐይ መጥለቅ ጀምሮ ነው፤ የድሮ ቼኮች አቆጣጠር ነበር። በመሃል ያሉት ጠመዝማዛ የወርቅ መስመሮች ደግሞ ከፀሐይ መውጣት እስከ መጥለቅ ያለውን ጊዜ 12 ቦታ ይከፍሉታል። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም! ጎህ ሲቀድ አንድ ብሎ መቁጠር የጀመረ ሰው እዚያም ነበር። ልዩነቱ የእነሱ ሰዓት ከወቅቱ ጋር ይረዝማል ያጥራል፤ በክረምት የቀኑ አንድ ሰዓት ከእኛ አንድ ሰዓት ያንሳል። እዚያ ቆሜ ጓደኛዬን "ያ የ8 ሰዓት ቀጠሯችን እኮ እዚህ ቢሆን ማንም አይሳሳትም ነበር" አልኳት።

ከቪየና አንድ ብቻ ምረጪ ብባል የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየሙን ነው። ሐሙስ ሐሙስ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ስለሆነ ለጨለማው ሰዓት ይመቻል። እዚያ በ1565 የተሳለ የብሩይገል ሥዕል አለ፤ አዳኞች ከነውሾቻቸው በረዶ ላይ ወደ መንደር ሲመለሱ ያሳያል። ከታች በጋገረው ኩሬ ላይ ሰዎች ይጫወታሉ። የውጪውን ብርድ ቀምሳችሁ ከገባችሁ በኋላ ስታዩት የአዳኞቹ ትከሻ ለምን እንደተጎበጠ ይገባችኋል። ከዚያ ቡና ቤት ግቡ። የቪየና ቡና ቤት ውስጥ አንድ ስኒ አዝዞ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ነውር አይደለም፤ ከቡናው ጋር በትሪ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይመጣል፣ ተነሡ የሚላችሁ የለም። ቡናው የኛን አይተካም። አቀማመጡ ግን ከቡና ሥርዓታችን ጋር ዘመድ ነው፤ ሦስተኛው እስኪወርድ የሚቸኩል እንደሌለው ሁሉ።

ቡዳፔስት ላይ በምሽት የዳኑብን ወንዝ ዳር ተራመዱ። ከ1849 ጀምሮ ቡዳንና ፔስትን ያገናኘው የሰንሰለት ድልድይ አለ፤ ማዶ ለማዶ ደግሞ ግንቡና ፓርላማው በመብራት ያሸበርቃሉ። ቀኑ ማጠሩ እዚህ ይጠቅማል፤ መብራቱን ለማየት እኩለ ሌሊት መጠበቅ የለም።

ጾም ላይ ነኝ። ምን ልብላ?

ይሄን ጥያቄ እናቴ ናት ቀድማ የጠየቀችኝ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ የሚፈታው በገና ስለሆነ፣ የዲሴምበር ጉዞ ሙሉ በሙሉ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው። ደግነቱ "ቪጋን" የሚለውን ቃል በሦስቱም ከተሞች ያውቁታል፣ የቪጋን ምግብ ቤትም በቀላሉ ይገኛል። "ሥጋ የለበትም" ሲሏችሁ ግን አትርኩ። ሾርባው በአጥንት መረቅ ሊሠራ ይችላል፣ የቼክ ክኔድሊክ (የተቀቀለ ሊጥ) ብዙውን ጊዜ እንቁላል አለበት፣ የሃንጋሪ ላንጎሽ (በዘይት የተጠበሰ ቂጣ) ላይ ደግሞ አይብና እርጎ ይጫናል። መንገድ ዳር የሚጠበሰው ቼስትነት የሚባል የዛፍ ፍሬ ግን ንጹሕ ጾም ነው። ትኩሱን በወረቀት ይሰጧችኋል፤ እጅም ያሞቃል፣ ሆድም ይይዛል። ትኩስ ወይን የማይጠጣ ሰው ቪየና ላይ "ኪንደርፑንሽ" ይበል፤ አልኮል የለበትም።

ቆሎና በሶ ይዛችሁ ሂዱ። ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ግን ከሻንጣችሁ አውጡ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሥጋና የወተት ውጤት ማስገባት ክልክል ነው፣ ጉምሩክ ላይ ይወሰድባችኋል።

በፈረንጅ ገና እዚያ ብንሆን ጥሩ ነው?

የገና ገበያውን ለማየት ከሆነ ከዲሴምበር 25 ቀደም ብላችሁ ድረሱ። የቪየናው የማዘጋጃ ቤት አደባባይ ገበያ ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ደምቆ ይቆይና በዲሴምበር 26 ያበቃል። የፕራጉ እስከ ጃንዋሪ 6 ይዘልቃል።

ዲሴምበር 24 ከቀትር በኋላ ግን ከተማው ፀጥ ይላል። እኛ ዋዜማ ሲባል የሚታየን ግርግር ነው፤ እነሱ ጋ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል። ሱቅ ይዘጋል፣ ቡዳፔስት ላይ ትራንስፖርቱ ሳይቀር በጊዜ ይቀንሳል። 25 እና 26ም በዓል ናቸው። ስለዚህ 24 ጠዋት ላይ የሁለት ቀን ምግብ ግዙ። ቪየና ላይ እሑድም ሱፐርማርኬት ዝግ ነው፤ ትልልቆቹ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ያሉት ግን ይከፍታሉ።

ቪዛውን ከየትኛው አገር ኤምባሲ ነው የምንጠይቀው?

ሦስቱም የሼንገን አገሮች ስለሆኑ አንድ ቪዛ ይበቃል። የሚጠየቀው ብዙ ሌሊት የምታድሩበት አገር ነው። ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት። እኛ ካወጣነው ፕሮግራም ቪየና አራት ሌሊት ስለነበራት ማመልከቻው ለኦስትሪያ ነው የገባው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ እናንተም በጊዜ አስገቡ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በአፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የመደበኛው ውሳኔ መስጫ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ስታመለክቱ የወቅቱን መመሪያ ጠይቁ።

ከዱባይ፣ ከሪያድ ወይም ከአሜሪካ የምትነሡ፣ የሚታየው ፓስፖርታችሁ ነው። ግሪን ካርድም ሆነ የገልፍ መኖሪያ ፈቃድ ኖሯችሁ ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። የሼንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ይዞ መሄድ ይችላል። ባቡር ላይ ፖሊስ ወረቀት ሊጠይቅ ስለሚችል ኮፒ ሳይሆን ዋናው ይኑራችሁ።

ከጓደኛዬ ጋር ገንዘብ እንዴት እንካፈል?

ከመሄዳችሁ በፊት፣ በግልጽ ቁጥር ተነጋገሩ። እኛ ሰዎች ሂሳብ ሲመጣ "እኔ ነኝ የምከፍለው" ብለን መታገል ልማዳችን ነው። ለአንድ ምሳ ያምራል። ለ10 ቀን ግን አንዱ ሳያውቀው አብዝቶ ይከፍላል፣ ሌላው ይሉኝታ ይዞት የማይፈልገው ውድ ቦታ ይገባል፣ ሁለቱም ውስጥ ውስጡን ይከፋቸዋል። እኛም እስከ አራተኛው ቀን እንደዚያ ነበርን።

በኋላ እኩል አዋጥተን በአንድ ትንሽ ቦርሳ አስቀመጥን። ትራንስፖርት፣ ምግብና ቡና ከዚያ ይከፈላል። ልብስ፣ ስጦታና ለብቻ የሚገባበት ትኬት ከግል ኪስ። ቦርሳው ሲያልቅ እንደገና እኩል ይሞላል። ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ብንጋጭስ?

መጋጨታችሁ አይቀርም። ጊዜው ደግሞ ይታወቃል፦ 10 ሰዓት ላይ፣ ሲጨልም፣ እግር ሲቀዘቅዝ፣ ምሳ ሳይበላ። በዚያ ሰዓት "ቀጥሎ የት እንሂድ?" ብላችሁ አትነጋገሩ። መጀመሪያ ሙቅ ቤት ግቡ፣ ትኩስ ነገር ጠጡ፣ ከዚያ ተነጋገሩ። በየከተማው አንድ ግማሽ ቀንም ተለያዩ። እኔ ሙዚየም ውስጥ ሦስት ሰዓት መቆም እወዳለሁ፤ እሷ ገበያ መዞር ትወዳለች። ማታ ስንገናኝ የምናወራው ነበረን።

የአንዳችን ቪዛ ቢከለከልስ?

አብራችሁ ብታመለክቱም የሚታየው እያንዳንዱ ለየብቻው ነው፤ አንዱ አግኝቶ ሌላው ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ማረፊያውን ያለ ቅጣት የሚሰረዝ አድርጉ። የሚከለከል ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል፣ ይግባኝ የማለት መብትም አለው፤ ቀነ ገደቡ ደብዳቤው ላይ አለ።

ከባዱ ሌላው ነው። ያገኘው ይሂድ ወይስ ይቅር? ይሄን ማመልከቻው ሳይገባ ተነጋገሩ። እኔና ጓደኛዬ "ያገኘ ይሄዳል፣ ለቀረው በየቀኑ ፎቶ ይልካል" ብለን ነበር። ከውጤቱ በኋላ ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም እውነቱን መናገር ያቅተን ነበር።

ጓደኛዬ ብርድ አይችልም። ይዤው ልሂድ?

ሂዱ፤ ግን ቡዳፔስትን የመጨረሻ አድርጉት። ከተማዋ እንደ አዲስ አበባ ፍል ውሃ ላይ ነው የተቀመጠችው። በ1913 የተከፈተው የሴቼኒ ፍል ውሃ ከምድር ሲወጣ ከ70 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውጭ ካሉት ገንዳዎች ሞቃቱ 38 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የዋና ልብስ፣ ነጠላ ጫማና ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ። ከልብስ መቀየሪያው እስከ ገንዳው ያለችውን መንገድ ፈጠን በሉባት፤ የጉዞው ሁሉ ከባድ ብርድ እሷ ላይ ነው።

ጓደኛዬ እንኳን ፕራግ ላይ አዲስ አበባም የሚበርዳት ሰው ነች። እዚያ እስከ አንገቷ ገብታ፣ የሱፍ ቆቧን ሳታወልቅ፣ እንፋሎቱ መሃል ተቀመጠች። በረዶ መጣል ጀመረ። ቆቧ ላይ እያረፈ ይነጣል፣ ውሃው ላይ የሚያርፈው ደግሞ ወዲያው ይጠፋል። "እንውጣ?" ስላት "አንቺ ሂጂ፣ እኔ እዚሁ ነኝ" አለችኝ።